«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ»፦ እዚህ «ነቃ» ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦
ይህን ተረት ከእንቅልፍ መንቃት ጋር አገናኝቶ «ብልጥ የሆነ ሰው አይያዝም» ብሎ የሚፈታው ሰው በዝቷል። የአራዳው «ነቄ» ሳያሳስት አልቀረም። ትክክለኛው ፍቺ ምንድን ነው? ብርሌ አይተው የማያውቁ ልጆችም አሉና በደንብ ቢብራራ።

ግዕዝ ቀመስ፦
እንቅልፍ የለበትም። «ነቃ» እዚህ ሳይሰበር ተሰነጠቀ ማለት ነው። በግዕዝ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው፦ ከእንቅልፍ የሚነቃው «ነቅሀ» በሀ፣ የሚሰነጠቀው «ነቅዐ» በዐ። ምንጭን «ነቅዐ ማይ» ያሰኘው ሁለተኛው ነው፤ ውሃው ምድሩን ሰንጥቆ ይወጣልና። አማርኛ የመጨረሻውን የጉሮሮ ድምፅ ሲጥል (ሰምዐ ሰማ፣ በልዐ በላ፣ ነግሀ ነጋ እንደሆነው ሁሉ) ሁለቱም «ነቃ» ሆነው ቁጭ አሉ። ስማቸው ላይ ግን አሁንም ይለያያሉ፦ የአንደኛው ንቃት፣ የሌላው ንቃቃት። ዋልካ መሬት በበጋ የሚያወጣው ንቃቃት ነው። ግድግዳም ይነቃል፣ ተረከዝም ይነቃል።

ባለ ጋን፦
እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር። ብርሌ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረዘምና ጠበብ ያለ የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ ጠጅም ብርዝም ይቀዳበታል፣ ሌላ መጠጫ ሳያስፈልግ ከራሱ አፍ ይጠጣል። የሚነቃው ብዙ ጊዜ ወድቆ አይደለም፤ ከወደቀማ ይሰበራል። ጠላቱ ፍል ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ጠጅ በነበረበት ብርሌ ፍል ውሃ ሲገባ የውስጡ ወገን ቶሎ ሞቆ ይለጠጣል፣ የውጪው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ በዚህ መሀል ፀጉር የመሰለ መስመር ያወጣል፣ በተለይ አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት። ለማጠብ፣ እጅ ስለማይገባው፣ እፍኝ የማይሞላ ጥሬ ሩዝ ጨምሮ ለብ ባለ ውሃ ማናጥ ይበቃል።

መንቃቱን ለመለየት አንገቱን ላላ አድርገው ይያዙና ሆዱን በጥፍር መታ ያድርጉት። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የነቃው ድምፁ ድፍን ነው። በዓይን ብቻ መፈለግ አያዋጣም፤ ባዶውን መስመሩ ይሰወራል፣ ጠጅ ሲቀዳበት ነው ጠብ ጠብ የሚለው። ማር ስለሆነም የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይጣበቃል፣ ዝንቡም ይመጣል።

ጠያቂ፦
ታዲያ «ከተሰበረ» ቢባል ምን ይጎድል ነበር?

ግዕዝ ቀመስ፦
ቤት መምታቱ አንድ ነገር ነው፤ «ዕቃ አይሆንም» ተገልብጦ «አይሆንም ዕቃ» የሆነውም ለዚሁ ነው። ዋናው ግን ፍቺው ይጠፋል። ደረጃ አለዋ! ከአፉ ጠርዝ ቅንጣት ሲጎድል ተሸረፈ፣ መስመር ሲያወጣ ነቃ፣ ለሁለት ሲሆን ተሰበረ፣ ከዚያ ወዲያ ደቀቀ። የተሸረፈ ብርሌ ከንፈር ካልቆረጠ ይጠጣበታል። የተሰበረውን ምከሩኝ የሚል የለም፣ ይጣላል። የነቃው ነው አስቸጋሪው፦ ከደህናዎቹ ጋር ተደርድሮ ሙሉ መስሎ ቆሟል። ተረቱም የሚገባው ሰላምታው ሳይቋረጥ መተማመኑ ለሄደ ወዳጅነት፣ አንድ ቤት እያደሩ ለተካካዱ ባልና ሚስት ነው። በግልጽ ለተጣሉና ለተለያዩ ሰዎች ሲተርቱት ስሰማ አይጥመኝም። «ዕቃ»ም እዚህ ንብረት ሳይሆን መያዣ ነው፣ «ዕቃ አጠበች» እንደምንለው።

ባለ ጋን፦
ትክክል። ቦታውንም መምረጥ ነው። ስለ ልጃገረድ ክብር የሚተርቱትም አሉና ሙሽራ ባለችበት ሰርግ ላይ አይነሳ። ለእርቅ የተቀመጠ ሽማግሌም አይለውም፣ የገዛ ሥራውን ያፈርስበታል፤ ከሸንጎው ይህ ተረት ከተሰማ ያወጣው እርቁን ያልፈለገው ወገን ነው።