ጸሎት ካጠነከርኩ በኋላ ለምንም ነገር ግድ አጣሁ፤ ያለፈበት ሰው አለ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። መስከረም 21 ለንግሥ ግሸን ማርያም ወጥቼ ከተመለስኩ ወዲህ ውስጤ ተለውጧል። በፊት ልታይ ልታይ የምል፣ ቂም የምይዝ ሰው ነበርኩ። ያ ሁሉ ጥርግ ብሎ ወጣልኝ። መጀመሪያ እፎይ ብዬ ነበር። ግን ሌላውም አብሮ ሄደ።

ሱቄን እከፍታለሁ፤ ደንበኛ በስሜ ሲጠራኝ የሌላ ሰው ስም ይመስለኛል። ትናንት እናቴ ቡና አፈላች። በረካው ሲቀዳ አቦሉ እጄ ላይ እንደተያዘ ቀዝቅዟል። «ልጄ፣ የት ነህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እሷን እንዲህ ማስጨነቄ ነው የሚያመኝ።

መዝሙር 90 ላይ ያለውን «የቀትር ጋኔን» የጥንት የበረሃ መነኮሳት ከመንፈሳዊ ስልቹነት ጋር ያገናኙት ነበር። የእኔ እሱ ይሆን? ወይስ ድብርት ነው? እንቅልፌ ተዛብቷል፣ ምግብም አያሰኘኝም፤ ከሁለት ሳምንት አልፎኛል። የንስሐ አባቴ «ስግደቱን ቀነስ አድርግ፣ ሐኪምም ታይ» ብለውኛል። ሰኞ እሄዳለሁ።

እናንተ ግን ትሕትናን ከባዶነት እንዴት ለያችሁ? ሥራና ቤተሰብ ላይ ልባችሁን የመለሰው ምንድን ነው? ትንሽ ነገርም ብትሆን ንገሩኝ።