የእጅ አንጓዬ ቶሎ እየተፈታብኝ ነው፣ ጎልፍ የምትችሉ እርዱኝ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ባህር ዳር ነኝ፣ እዚህ የሚያሰለጥነኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው። ያለኝ አንድ ሰባት ቁጥር አይረን (ጭንቅላቱ ብረት የሆነ የጎልፍ ዱላ) ነው፣ ከሰዓት የጣና ንፋስ የስፖንጅ ኳሱን ስለሚወስደው ጠዋት ጠዋት ሳር ሜዳ ላይ እለማመዳለሁ፣ የምመታው በቀኝ ነው።

ዱላውን ወደ ኋላ ስወስድ ችግር የለም፣ ግራ ክንዴ ከመሬት ጋር ሲተካከል አንጓዬ በደንብ ታጥፎ ዱላው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። ጉዱ ስመልሰው ነው፣ እጄ ገና ወገቤ ጋ ሳይደርስ አንጓዬ ይዘረጋና የዱላው ጭንቅላት እጄን ይቀድመዋል፣ ከዛ ወይ ከኳሱ ኋላ ያለውን አፈር ይቆፍራል ወይ የኳሱን አናት ብቻ ነክቶ ያልፋል። በስልክ ስሎው ሞሽን ቀርጨ አይቸዋለሁ፣ ስመታ እጄ ከኳሱ ትንሽ ቀድሞ ዘንጉ ወደ ዒላማው ማጋደል ሲገባው የኔ ወደ ኋላ ነው የሚያጋድለው።

አንጓዬን በግድ አጥፌ ለማቆየት ሞከርኩ፣ ባሰ፣ የዱላው ፊት ሳይዘጋ፣ ማለትም ወደ ዒላማው ሳይዞር፣ ኳሱ ወደ ቀኝ ይወጣል። አያያዜን ላላ ሳደርግ ትንሽ ይሻላል፣ ፍጥነት ስጨምር ግን ያው ነው።

እና አንጓዬ በሰዓቱ እንዲፈታ መጀመሪያ ማስተካከል ያለብኝ የዳሌዬን አዟዟር ነው ወይስ የእጄን አያያዝ?