ለአባቴ ሳነብ በቅንፍ ያለውን «ያህዌ» ልጥራው ወይስ ልለፈው?

የመሪጌታ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ቆይቷል።

አባቴ 81 ዓመታቸው ነው። ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሆነው ያደጉ ናቸው። ዳዊትን በግዕዝ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘዋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግላኮማ ዓይናቸውን ወሰደው። አሁን ማታ ማታ ከራት በኋላ እኔ አነብላቸዋለሁ። ከዘፍጥረት ጀምረን ቀስ እያልን ነው። በየመሃሉ ደግሞ ወደ ዳዊት እንመለሳለን፤ እሳቸው በግዕዝ፣ እኔ በአማርኛ።

ድሮ የማነብላቸው ከ1954ቱ ትልቁ መጽሐፍ ነበር። ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ያስቸግረኛል። ስለዚህ ወደ ስልክ ዞርኩ። ስልኬ ላይ ያለው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ነው። እሱ ደግሞ «እግዚአብሔር» ካለ በኋላ በቅንፍ አንዴ «ኤሎሂም»፣ አንዴ «ያህዌ» ይላል። አብርሃም ከካራን የወጣበት ታሪክ ላይ ስደርስ ሳላስብ ቅንፉንም ጨምሬ አነበብኩት። አባቴ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ፣ ማን አልሽ?»

ደገምኩላቸው። «እሱ የማን ስም ነው?» አሉኝ። «የእግዚአብሔር ስም ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እግዚአብሔርስ ታዲያ የማን ስም ነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅንፉን እየዘለልኩ ነው የማነበው። ግን ልቤ አልተቀበለውም። አባቴ የሚያነቡት በእኔ ዓይን ነው። የተጻፈውን ለማያይ ሰው እየዘለሉ ማንበብ ማታለል ይመስለኛል።

በዚህ ላይ ሌላ ጨመረብኝ። ባለፈው እሑድ መዝሙር 110ን አነበብኩላቸው። «እግዚአብሔር ጌታዬን፦ በቀኜ ተቀመጥ አለው» ይላል። አባቴ ወዲያው የግዕዙን አሉ፤ በእሳቸው ቁጥር 109 ነው። «ይቤሎ እግዚእ ለእግዚእየ፤ ንበር በየማንየ።» ጌታ ጌታዬን አለው፣ ማለት ነው። የእሳቸው ሁለት ጊዜ አንድ ቃል ነው፣ የእኔ ግን ሁለት የተለያየ ቃል። ማቴዎስ 22 ላይ ጌታችን ይህንኑ ሲጠቅስ አማርኛው ራሱ «ጌታ ጌታዬን» ይላል። የትኛው ነው ትክክሉ? ቅንፉ ላይ ስደርስስ በአፌ ምን ልበል?

ዕብራይስጥ ተማሪ

እህቴ፣ አባትሽን ሰላም በዪልኝ። የጠየቁሽ ጥያቄ የትርጉም ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የታገሉበት ነው።

በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን የእግዚአብሔር የተጸውዖ ስም በአራት ፊደል ይጻፋል፦ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። ፊደሎቹን መዝሙር 119 ላይ በየክፍሉ አናት ታገኛቸዋለሽ። ይህ ስም ወደ 6,828 ጊዜ ተጽፏል። ዕብራይስጥ በጥንቱ የሚጻፈው ያለ አናባቢ ነበር። የእኛም ግዕዝ በጥንት የአክሱም ድንጋዮች ላይ እንደዚያ ነው፤ ግዕዝ ካዕብ ሣልስ የሚባል ልዩነት ገና አልነበረውም። ስለዚህ አራቱ ፊደላት እንዴት እንደሚነበቡ የሚያውቀው ሲጠሩት የሰማ ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ አይሁድ ስሙን ከማክበር ብዛት መጥራት ተዉ። በሁለተኛው ቤተ መቅደስ መጨረሻ አካባቢ ሊቀ ካህናቱ በማስተሰረያ ቀን ይጠራው እንደነበር ተጽፏል። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ፈረሰ። አንባቢው አራቱን ፊደላት ሲያይ በአፉ «አዶናይ» ይላል፤ ጌታዬ ማለት ነው። ዓይን አንድ ያያል፣ አፍ ሌላ ይላል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ጥብርያዶስ የነበሩ ሊቃውንት ለመጽሐፉ የአናባቢ ነጥብ ሲያወጡ በአራቱ ፊደላት ላይ የ«አዶናይ»ን አናባቢ አስቀመጡ። አንባቢው እንዳይሳሳት ማስታወሻ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን የአንዱን ተነባቢ ከሌላው አናባቢ ጋር አብረው ሲያነቡት «ይሖዋ» የሚለው ንባብ ወጣ። «ያህዌ» ደግሞ ሊቃውንት ከጥንት የግሪክ ጽሑፎችና ከስሙ አጭር መልክ ከ«ያህ» ተነሥተው የደረሱበት ንባብ ነው።

አሁን ወደ መዝሙርሽ። ዕብራይስጡ መጀመሪያ ላይ አራቱን ፊደላት፣ ቀጥሎ «አዶኒ»፣ ጌታዬ፣ የሚለውን ቃል ይዟል። ሁለት የተለያየ ቃል ነው። የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ግን ሁለቱንም «ኪርዮስ» አለው፤ ጌታ ማለት ነው። የግዕዙ መጽሐፍ የተተረጎመው ከግሪክ ነው። አባትሽ «እግዚእ ለእግዚእየ» የሚሉት ለዚህ ነው። ወንጌሉም የተጻፈው በግሪክ ስለሆነ ማቴዎስ ላይ «ጌታ ጌታዬን» ሆነ። አንቺ ያነበብሽው የአማርኛ መዝሙር ደግሞ ዕብራይስጡን ተከትሎ ለየው። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም።

የግዕዝ መምህር

ልጄ፣ መሪጌታ «እግዚአብሔርስ የማን ስም ነው?» ማለታቸው ደስ አሰኝቶኛል። በእሱ ላይ ትንሽ ልናገር።

ቃሉ ሲፈታ «እግዚአ ብሔር»፣ የአገር ጌታ፣ የዓለም ጌታ ነው። የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይ «እግዚአ ሰማይ» የሚል አለ፤ አካሄዱ አንድ ነው። እንግዲህ አመጣጡ ማዕረግ ነው። ዛሬ ግን ማዕረግ ነው ወይስ ስም? በሰዋስው እንፈትነው። «አምላክ» ይበዛል፣ አማልክት እንላለን። ባለቤትም ይቀበላል፤ አምላኬ፣ አምላካችን እንላለን። እግዚአብሔርን አብዢው እስቲ። አይበዛም። «እግዚአብሔሬ» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የለም። እንደዚህ የሚሆነው የተጸውዖ ስም ነው። በዕብራይስጡም አራቱ ፊደላት አይበዙም፣ «የእኔ» የሚል ቅጥያም አይይዙም። ስለዚህ አባቶቻችን ስሙን አልደበቁብንም። በእኛ አፍ ስም የሆነ ቃል ሰጡን።

እውነቱን ለመናገር ግን ጉድለትም አለው። ዘፍጥረት 1፥1 ዕብራይስጡ «ኤሎሂም» ነው፤ የእኛ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር» ይላል። እዚያ ላይ ስሙና አምላክነቱ ተቀላቀለ። ያ ቅንፍ የመጣው ይህን ለመለየት ነው። በዳዊትም «እግዚኦ» የሚለው በአማርኛ ብዙ ቦታ «አቤቱ» ሆኗል። «እግዚኦ እግዚእነ» ሲሆን «አቤቱ ጌታችን»። እዚያ ዕብራይስጡ ያለው አራቱን ፊደላት ነው። አንቺ አቤቱ ስትዪ ብዙ ጊዜ ስሙ ከሥሩ አለ።

ስሙን አንባቢ

እኔ ደግሞ የማነበው ትርጉም «ይሖዋ» የሚል ነው። ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መጥራት ነውር አልነበረም። ሩት 2፥4ን ተመልከቱ። ቦዔዝ ከቤተ ልሔም መጥቶ አጫጆቹን ሰላም ሲል በዚያ ስም ነው፤ እነሱም በዚያው ስም መለሱ። በእርሻ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። በ1935 በጥንቷ የይሁዳ ከተማ በለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። ኢየሩሳሌም ልትፈርስ ስትል የተጻፉ ናቸው። አንድ የበታች ሹም ለአለቃው ሲጽፍ «ያህዌ የሰላም ወሬ ያሰማህ» ብሎ ይጀምራል። እኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደምንለው ማለት ነው። እኅቴ፣ ለአባትሽ ስሙን አንብቢላቸው። አትፍሪ። ሰው የሚወደውን በስሙ ይጠራል።

ዕብራይስጥ ተማሪ

ስለ ለኪሶ ያልሽው እውነት ነው፤ አመሰግናለሁ። በሌላ በኩል በሙት ባሕር ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ፣ የዕንባቆም ትርጓሜ፣ ጽሑፉ ሁሉ በተለመደው ፊደል ሆኖ ስሙ ላይ ሲደርስ ወደ ጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደል ይቀየራል። ጸሐፊው ፊቱን ዝቅ ያደረገ ይመስለኛል። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች የከበረውን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጽፉት። ሁለቱም ፍቅር ነው።

ከረሖቮት

ሻሎም ወገኖቼ። ቤተ እስራኤል ነኝ። ጎንደር ተወልጄ በልጅነቴ ነው ወደ እስራኤል የመጣሁት።

አያቴ ቄስ ነበሩ። ኦሪቱን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር፤ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» እያሉ። እዚህ ስንመጣ ምኩራብ ውስጥ የሚሰሙት «አዶናይ» ሆነ። ከጸሎት ውጭ ደግሞ ሰው «ሀሼም» ይላል፤ ስሙ ማለት ነው። አያቴ ይህን ሲሰሙ «ስሙ ማን ነው? ለምን አይነግሩኝም?» ይሉ ነበር። ልክ እንደ እህታችን አባት።

በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ልጄን እንዴት ነህ ስለው «ባሩክ ሀሼም» ይለኛል። እናቴን እንዴት አደርሽ ስላት «ተመስገን» ትለኛለች። ማን ተመስገን? አትጠራውም። ሁለታችንም እናውቃለን። የልጄ ዕብራይስጥና የእናቴ አማርኛ እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ እኛ አራቱን ፊደላት ስናይ ዘለልናቸው አንልም። አነበብናቸው ነው የምንለው። የሚነበቡት በሌላ ቃል ነው እንጂ አልተዘለሉም። አንቺም «እግዚአብሔር» ስትይ ቅንፉን አንብበሽዋል።

ደግሞ ስሙ ከእናንተም ቤት አልጠፋም። «ሃሌ ሉያ» ያህን አመስግኑ ነው። ዮሐንስ፣ ኢሳይያስ፣ ኤርምያስ፣ ዘካርያስ የሚባል ሰው ሁሉ ስሙን በስሙ ውስጥ ይዞታል። ኤልያስ «አምላኬ ያህ ነው» ማለት ነው። ቀርሜሎስ ላይ ሕዝቡ በግንባሩ ወድቆ «እግዚአብሔር እርሱ አምላክ ነው» ያለው የነቢዩን ስም ነው።

የመሪጌታ ልጅ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የኔታ፣ «አይበዛም» ያሉትን ለአባቴ ነገርኳቸው። «እውነት ነው፣ እግዚአብሔሮች አይባልም» እያሉ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት።

ትናንት ማታ ተራችን ባይሆንም ከነገሥት ቀዳማዊ 18ን አነበብኩ። ስለ ኤልያስ ስም አስቀድሜ ምንም አልነገርኳቸውም። ሕዝቡ የጮኸበት ላይ ስደርስ ነገርኳቸው። ታላቅ ወንድማቸው ኤልያስ ነበር የሚባሉት። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው ኖሬ» አሉ።

የረሖቮቱ ወንድሜ፣ አንድ ልመና አለኝ። አባቴ ያችን የመዝሙር 110 መስመር በዕብራይስጥ መስማት ይፈልጋሉ። በምኩራብ እንደምታነቡት አድርገህ በእኛ ፊደል ልትጽፍልኝ ትችላለህ?

ከረሖቮት

በደስታ። በአፍ የምንለው እንዲህ ነው፦ «ነኡም አዶናይ ላዶኒ፦ ሼቭ ሊሚኒ፣ ዓድ አሺት ኦይቬኻ ሀዶም ለራግሌኻ።» አስተውይ፤ የተጻፈው ሁለት የተለያየ ቃል ነው። ሲነበብ ግን «አዶናይ ላዶኒ» ነው። «እግዚእ ለእግዚእየ።» የአባትሽ ግዕዝ ጽሑፉን ሳይሆን ድምፁን ነው የያዘው።

የመሪጌታ ልጅ (ጠያቂ)

አነበብኩላቸው። እንዳልሳሳት ከራት በፊት ኩሽና ውስጥ ስለማመድ ነበር። «አዶናይ ላዶኒ» ስል አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሊሚኒ» ስል አስቆሙኝ። «ይኸ የማንየ አይደለም እንዴ? በቀኜ?» አሉ። ነው አልኳቸው። ከዚያ «ሼቭ»ን «ንበር መሆን አለበት» ብለው ራሳቸው ፈቱት፤ «ለራግሌኻ»ን ደግሞ «እገሪከ» አሉት።

ቅንፉን በተመለከተ ተስማምተናል። «እግዚአብሔር» እያልኩ አነባለሁ። ሁለቱ ስም አብረው የመጡበትና ልዩነቱ ነገሩን የሚፈታበት ቦታ ስደርስ ቆም ብዬ እነግራቸዋለሁ።

«ሀዶም» ግን አልተፈታላቸውም። መከየድ ይሁን አይሁን ጠይቂልኝ ብለውኛል፤ ወንድሜ፣ ከማታ በፊት ብትመልስልኝ።