ስለ ቬትናም ጦርነት ልጆቻችን ምን ይማሩ? የዘመተውን ወይስ የተቃወመውን?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከአንድ አባት የመጣ ነው። ልጃቸው 11ኛ ክፍል ነው። በአሜሪካ ታሪክ ክፍለ ጊዜ እንዲህ የሚል የቤት ሥራ ተሰጠው፦ «ዓመቱ 1969 ነው። የግዳጅ ዕጣ ወጥቶብሃል። ትዘምታለህ ወይስ እምቢ ትላለህ? ለእናትህ ደብዳቤ ጻፍ።» ይህ ማስተማር ነው ወይስ ልጅን ፖለቲካ ውስጥ መክተት? ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የጻፈ ይወጣል።

አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ልጄ የጻፈውን አሳየኝ። «እማዬ፣ ወደ ካናዳ ልሄድ ነው፤ አታልቅሺ» ይላል። ክው ነው ያልኩት። ይህች አገር ተቀብላን ልጆቻችንን አሳድገንባታል። ልጅ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ግዴታውን ነው። ነገሩ ደግሞ የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። ግዳጁ በ1973 ቢቆምም ምዝገባው አለ። ወንድ ልጅ 18 ሲሞላው ስሙ ይመዘገባል፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር። የእኔ ልጅ ለዚያ ዕድሜ ምን ቀረው? ጦርነቱ ለምን እንደተጀመረ፣ እንዴት እንዳለቀ፣ ስንት ሰው እንደሞተ ያስተምሩት። ኮበለልኩ ብለህ ጻፍ ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

የታሪክ መምህርት፣ ከሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ ድንጋጤዎ ይገባኛል። እኔም ይህንኑ ትምህርት ነው የማስተምረው። የቤት ሥራውን እኔም አልወደድኩትም፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። «ትዘምታለህ ወይስ እምቢ ትላለህ» ሲባል ልጁ ሁለት ጎራ ብቻ የነበረ ይመስለዋል። ወታደሩ በአንድ በኩል፣ ሰልፈኛው በሌላ በኩል። እንደዚያ አልነበረም።

ሜይ 4 ቀን 1970 የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ፣ ማለት የግዛቱ ተጠባባቂ ጦር፣ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ጦርነቱን ለመቃወም በተሰለፉ ተማሪዎች ላይ ተኮሰ። በ13 ሰከንድ 67 ጥይት። 4 ተማሪዎች ሞቱ፣ 9 ቆሰሉ። ከሞቱት አንዱ ዊልያም ሽሮደር ነው። ሰልፈኛ አልነበረም። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የመኮንንነት ሥልጠና የሚወስድ ልጅ ነበር። እሱን የትኛው ጎራ እናስገባው?

በ1971 ደግሞ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ዋሽንግተን ድረስ መጥተው ሜዳሊያቸውን ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ መወጣጫ ደረጃ ወረወሩ። ዘማችም ተቃዋሚም ናቸው።

አንድ ልጨምር። ቶማስ ቤኔት የዌስት ቨርጂኒያ ልጅ ነው። ሃይማኖቴ መግደል አይፈቅድልኝም አለ። ግን እቤቱ አልቀረም። ጠመንጃ የማይዝ የሕክምና ወታደር ሆኖ ዘመተ። በ1969 ቁስለኛ ሊያነሳ ሲሮጥ ተመትቶ ሞተ። የአገሪቱ ትልቁ የጀግንነት ሜዳሊያ ከሞተ በኋላ ተሰጠው። ለተማሪ መስጠት ያለብን እነዚህን ሰዎች ነው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ቢጽፍ ደብዳቤው ሌላ ይሆናል።

ጡረተኛ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ፣ ጥሩ ብለሻል። አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። ማን ነው የዘመተው? እኔ የደርግን ብሔራዊ ውትድርና አይቻለሁ። ልጅ ከመንገድ ሲታፈስ፣ እናት ስንቅ ይዛ ከካምፕ ካምፕ ስትንከራተት አይቻለሁ። ያኔም የደላው ሰው ልጁን የሚያሸሽበት መንገድ አያጣም ነበር።

እዚህ አገር ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ማታ ዕጣው በቴሌቪዥን ወጣ። በዓመቱ ቀኖች ልክ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ብልቃጦች በአንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ተከተዋል። አንድ በአንድ እጅ እየሰደዱ ያወጣሉ። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነው። ከ1944 እስከ 1950 ባለው ጊዜ በዚያ ቀን የተወለደ ወንድ ሁሉ ቁጥሩ 1 ሆነ፤ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው ማለት ነው። የሰው ዕጣ ፈንታ በልደቱ ቀን እንዲህ ተቆረጠ! ኮሌጅ የገባው ግን እስኪመረቅ ይታለፍ ነበር። ኮሌጅ ማን ይገባል? ገንዘብ ያለው። ስለዚህ የመምህሩ ጥያቄ «ትዘምታለህ ወይ» ብቻ ከሆነ ጎዶሎ ነው። «አንተ ምርጫ ነበረህ ወይ» ብሎ ይጠይቀው።

ካናዳን በተመለከተም፣ ግዳጁን ሸሽተው የኮበለሉትን ፕሬዚዳንት ካርተር በተሾሙ ማግስት፣ በጃንዋሪ 1977፣ ይቅር ብለዋቸዋል። ይህም ታሪክ ነው።

እናት፦ የእኔ ልጅ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ነው። ስለ ሰልፍ መማሩን አልቃወምም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ «ሚ ላይ» በምትባል የቬትናም መንደር የተፈጸመው ጭፍጨፋ ይነሳል፣ አባቱ ወይ ወንድሙ ወታደር የሆነ ልጅ አንገቱን ይደፋል። ማንም አያየውም። እኔ ይህን በታናሽየው ልጄ አይቻለሁ። ከትምህርት ቤት መጥቶ «ወንድሜ እንደዚያ ያደርጋል?» አለኝ። ምን ልበለው?

የታሪክ መምህርት፦ እህቴ፣ ይህ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። ሚ ላይን ዘልሎ ቬትናምን ማስተማር አይቻልም። ማርች 16 ቀን 1968 በአንድ ጠዋት በመቶዎች የሚቆጠሩ ያልታጠቁ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ። ግን ሂዩ ቶምሰንም እዚያው ነበር። አብራሪ ነው። ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በሚሸሹት ገበሬዎች መካከል አሳረፈ። ወታደሮቹ ገበሬዎቹ ላይ ከተኮሱ እነሱም በወታደሮቹ ላይ እንዲተኩሱ አብረውት ለበረሩት ሰዎች ትእዛዝ ሰጠ። ገበሬዎቹንም አስወጣ። ሲመለስ ስድብ ነው የጠበቀው። ለዚያ ለእውነተኛው ሥራው ሜዳሊያ ያገኘው በ1998 ነው። ለታናሽየው ይህን ይንገሩልኝ። ያም ወታደር ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልናገር። እኛ እዚህ ያደግን ልጆች ስለ ጦርነት መነጋገር የተማርነው ትምህርት ቤት ነው። በ1965 ዴሞይን፣ አዮዋ ውስጥ ልጆች የቬትናምን ሙታን ለማሰብ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አሥረው ትምህርት ቤት ሄዱ። አንዷ 13 ዓመቷ ነበር። ታገዱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1969 በ7 ለ2 ድምፅ አሸነፉ። እኔ ይህን ስማር ቤታችን የሰሜኑ ጦርነት ወሬ ነበር። አጎቴ አንደኛው ሰልፍ ይሄዳል፣ የአባቴ ጓደኛ ሌላኛው። ተኮራርፈው ቀሩ። እኔ ስጠይቅ «አንተ ዝም በል» ነው መልሱ። ጥያቄዬን ሳይቆጣ የሰማኝ የታሪክ አስተማሪዬ ብቻ ነበር።

አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጄ፣ የእኛን ቁስል እዚህ አትነካካው፤ ገና አልደረቀም። የመምህርቷን ግን አነበብኩት። ቤኔትንና ቶምሰንን አላውቃቸውም ነበር። እንዲህ ከተማረ ቅሬታዬ ይቀንሳል። የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። መምህሩ የራሱን አቋም ለልጆቹ ይናገር?

የታሪክ መምህርት፦ እኔ አልናገርም። ልጆቹ ውጤት የምሰጣቸው እኔ ነኝ። አቋሜን ካወቁ ለእኔ እንጂ ለራሳቸው አይጽፉም።

እርስዎ ግን ቅርብ ነዎት፤ ልጁን ይዘው ዋሽንግተን የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ይሂዱ። ጥቁሩ ግራናይት ላይ ከ58,000 በላይ ስሞች አሉ። የተጻፉት በማዕረግ ወይም በፊደል ተራ አይደለም፤ ጉዳት በደረሰባቸው ቀን ተራ ነው። አብረው የሞቱ አብረው ተጽፈዋል። ከስሙ ጎን የአልማዝ ቅርጽ ያለበት ሞቱ የተረጋገጠ ነው። መስቀል ያለበት የደረሰበት ሳይታወቅ የተጻፈ ነው። 8 ሴቶችም አሉበት፣ ሁሉም ነርሶች። አንድ ስም ይምረጥ። የት ተወለደ፣ ተመልምሎ ነው ወይስ ወዶ የዘመተው? በዚያው ሳምንት እዚህ አገር የትኛው ሰልፍ ነበር? ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው።

ጡረተኛ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የቬትናም ሰዎችስ? የእነሱ ሙታን በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት፤ እዚያ ግድግዳ ላይ የሉም። ይህንንም ጨምሪበት።

አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እወስደዋለሁ። ደብዳቤውንም ሁለት ጊዜ ይጻፈው፣ አንዱን እንደሚዘምት ሆኖ። የካናዳው ብቻውን ግን አሁንም አልተዋጠልኝም።