የመድረክ መብራት ልምምድ ላይ ነኝ፦ ፊቱ ጨለመ፣ ነጠላው በራ፣ ብሬከሩ ወደቀ

ጀማሪዋ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቴአትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። ለተግባር ልምምድ ከአንድ አዳራሽ የመብራት ባለሙያ ጋር ከተመደብኩ አምስተኛ ሳምንቴ ነው። እስካሁን ገመድ ስጠቀልልና መሰላል ስይዝ ከርሜ፣ ባለፈው ሰኞ ጋሼ ድንገት «የሚቀጥለውን ተውኔት አንቺ ሥሪው» አሉኝ። ያለኝ ስምንት ባለ 1000 ዋት ሃሎጅን ፓውዛ ነው፤ ሁሉም ከተዋናዮቹ አናት በላይ ባለ አንድ ብረት ላይ ተሰቅለዋል። የመብራቱን መጠን የሚጨምርና የሚቀንስ ዲመርም አለ።

ተዋናዮቹ ነጠላና ጋቢ ይለብሳሉ። መብራት በጨመርኩ ቁጥር የሚደምቀው ልብሱ ነው፤ ዓይናቸው ጉድጓድ መስሎ ይቀራል። አምስቱን በአንድ መስመር ሳበራ ትዕይንቱ መሐል ሲደርስ ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ) ይወድቃል። ሁለተኛው ገቢር ደግሞ ሌሊት ነው። መብራቱን ቀነስኩ፤ አዘጋጁ «ማንንም አላየሁም» አለኝ። ሁለት ሳምንት ቀርቶናል፤ እባካችሁ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው (ሳቢያን)፦
ከቀላሉ ልጀምር። 1000ን ለ220 አካፍዪ፤ አንዱ ፓውዛ 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። ብሬከሩ ላይ 16 ተጽፎ ከሆነ ሦስት ይችላል፣ አራተኛው ያልፈዋል፣ አምስቱ ወደ 23 ይደርሳሉ። ወዲያው የማይወድቀው ውስጡ ቀስ ብሎ ስለሚግል ነው፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። «በትልቅ ብሬከር ቀይሪው» የሚልሽ አይጠፋም፤ እንዳትሰሚው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ካሳደግሽው እሱ ዝም ይልና ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ይቃጠላል። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርገሽ በሦስት መስመር አከፋፍዪ። ሁለት ሶኬት ማለት ሁለት መስመር ማለት እንዳልሆነም አትርሺ፤ አንዱን ብሬከር አጥፍተሽ የትኛው ሶኬት እንደሞተ እዪ።

የመድረክ ጀርባ (አዲስ አበባ)፦
አናት ላይ የተሰቀለ መብራት የቀትር ፀሐይ ነው። በስድስት ሰዓት አንድ ሰው እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር መንገድ ላይ አቁመሽ ፊቱን ተመልከቺ፤ ዓይኑ በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ነው። በአሥር ሰዓት ያንኑ ሰው አቁሚው፤ ሌላ ሰው ይሆንብሻል። መብራትሽ አላነሰም፣ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው የተበላሸው። አሜሪካዊው መምህር ስታንሊ ማክካንድለስ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ዘዴ ፊት ከፊት ለፊት በግራና በቀኝ፣ ወደ 45 ዲግሪ ከፍታ ይበራል፤ አንዱ ሞቅ ያለ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ይዞ። አራቱን ለዚህ ስጪ። ሁለቱን በጎን ዝቅ አድርገሽ አቁሚ፤ የጠይም ፊት ጉንጭና ግንባር የሚነሣው በጎን ብርሃን ነው። ሁለቱ ከኋላ ይሁኑ።

የአምፖሉን መስታወት ደግሞ በባዶ እጅ አትንኪ። የጣትሽ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከሌላው በላይ ይግላል፤ እኔ ጀማሪ ሳለሁ የነካሁት አምፖል ጎኑ እንደ አረፋ ተነፍቶ ነበር። እያንዳንዱን ፓውዛ በሁለተኛ ሰንሰለት ሳታስሪ ማንም ከሥሩ እንዳይቆም።

ባለ ካፌው (ድሬዳዋ)፦
ለሌሊቱ ታይዋን ገበያ ሰማያዊ የስጦታ መጠቅለያ ፕላስቲክ አለ፤ የፓውዛው ፊት ላይ ወጥሪው፣ በቃ።

የመድረክ ጀርባ፦
ወንድሜ፣ አዳራሹን ልታቃጥለው ነው? ሃሎጅን ላይ የሚቆየው ለመድረክ መብራት የተሠራው ሙቀት የሚችል ባለ ቀለም ስስ ፕላስቲክ፣ ጄል የሚባለው ብቻ ነው። እሱም ፈዛዛ ሰማያዊ ይሁን፤ ጥቁር ሰማያዊ ብርሃኑን ከሞላ ጎደል ይውጠዋል። ዲመሩን ብቻ መቀነስም አያዋጣም፤ ሃሎጅን ሲቀነስ ብርሃኑ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ ሌሊቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመስልብሻል።

ከጁገል (ሐረር)፦
እኔ ተዋናይ ነኝ እህቴ፤ ከመድረኩ ላይ ሆኜ ልንገርሽ። ሌሊት ማለት መብራት ማጥፋት አይደለም። ሰማያዊውን ከኋላ አድርጊው፤ ትከሻችንና ነጠላችን ጠርዙ ይታይ። ትዕይንቱ ውስጥ ፋኖስ ካለ በዚያው በኩል አንድ ሞቅ ያለ መብራት ጣዪልን፣ ፊታችን ከዚያ ይበራል። ነጠላውን ደግሞ ወፍራም ሻይ አፍልታችሁ ንከሩት። በቅርብ ሲያዩት ያረጀ ይመስላል፣ ከወንበር ሲያዩት ነጭ ነው። (በቁጢ ይሻላል የሚል የአገሬ ሰው ቢመጣ አትስሚው፤ ቁጢ የቡና ቅጠል ሻይ ነው፣ ለመጠጥ ነው።) በትዕይንቶች መካከልም መብራቱን ድርግም አታድርጊው። ተመልካቹ መብራት የጠፋ መስሎት የስልኩን ባትሪ ያበራል፤ በአራትና በአምስት ሰከንድ ቀስ እያልሽ አውርጂው።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሶኬቶች ላይ ሞከርኩ፣ ሁለቱ በአንድ ብሬከር ሆነው ተገኙ፤ ሦስተኛውን መስመር የአዳራሹ ኤሌክትሪሲያን ከበሩ በኩል ሳበልኝ። ነጠላውን የአንዷ ተዋናይት እናት በሻይ ነከሩት። ጄሉን ከአዲስ አበባ አስመጥተናል፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ነው የደረሰን፤ ሁለቱም ለኋላ ሆኑ። ትናንት ማታ በልምምዱ የሽማግሌው ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ አዘጋጁም ማስታወሻውን ከድኖ ተመለከተ።

ጋሼ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆነው እስከ ፍጻሜው አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ተነሥተው፣ «መሰላሉን ማን ይመልሰው?» አሉኝ።