ለአባቴ የሚመች አጭር የእጅ ባትሪ ምረጡልኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ምክራችሁ በጣም ያስፈልገኛል።

አባቴ ለሱብሂ ሶላት ገና ሳይነጋ ይወጣል። ሰፈራችን ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው፣ መንገዱ ቁልቁለትና ጠጠር የበዛበት። በአንድ እጁ ከዘራ፣ በሌላው ባትሪ ይይዛል። ቁርጥማት ስላለበት ጣቶቹ ጠበቅ አድርገው አይጨብጡም።

አሁን ያለው ባትሪ ሁለት የኤኤ ድንጋይ በተርታ የሚገባበት ነው። ቀጭን ስለሆነ ለመጨበጥ ደህና ነው። ግን አንዱ ድንጋይ ብቻ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከነጭንቅላቱ ሲሆን ከኮት ኪሱ ይወጣል።

ሱቅ ያየሁት ሌላው ሦስት የኤኤኤ ድንጋዮችን ጎን ለጎን በክብ ማቀፊያ ይይዛል። አጭር ነው፣ ግን ወፈር ይላል። ደግሞ ማቀፊያውን አውጥቶ የሦስቱንም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማስተካከል ለእሱ ጣቶች መከራ ነው።

ሦስተኛው 18650 የሚባል ቻርጅ የሚደረግ አንድ የሊቲየም ድንጋይ ብቻ የሚወስድ ነው። ድንጋዩ 18 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ 65 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ብቻውን 3.7 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ መደርደር የለም። የደሴን ብርድም ከአልካላይን ይልቅ ይቋቋማል። ልቤ ወደዚህ አድልቷል፤ ቻርጅ ማድረጉን እኔ እችላለሁ።

የቸገረኝ ግን ይህ ነው። ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን የሚይዝ ጠፍጣፋ ባትሪም አለ። ቢወድቅ ቁልቁለቱን አይንከባለልም፣ ኪስም ውስጥ ይተኛል። መዳፍ ላይ ግን ጠርዙ አይቆረቁርም? ለደካማ ጣት ክቡ ይሻላል ወይስ ጠፍጣፋው? ማብሪያውስ ከጎን ይሁን ከኋላ? ለእናት ለአባታችሁ ገዝታችሁ የሞከራችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚገኝ ከሆነማ በጣም ደስ ይለኛል።