ባትሪ የሌላት ጀልባ ከወለሏ ሥር ውኃ እየያዘች ተቸገርኩ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የታሰረች ትንሽ የእንጨት ጀልባ አለችን። መብራት የለም፣ ባትሪም የላትም፣ ስለዚህ ውኃውን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ማውጣት አልችልም። ክረምት ላይ ሁለት ቀን ሳላያት ከቀረሁ ከወለሉ ሥር ውኃ ይሞላል። እንጨቱም መሽተት ጀምሯል። ምን ላድርግ?

የጣና ልጅ፦
መጀመሪያ ውኃው ከላይ ይሁን ከታች ለይ። ጥርግ አድርገህ አድርቃትና ዝናብ በሌለበት ሌሊት ተዋት። ጠዋት ደረቅ ከሆነች ጥፋቱ የዝናብ ነው። ውኃ ካገኘህ ግን በስንጥቅ ነው የሚገባው፣ አውጥተህ አስደፍናት።

ባለ ጀልባ፦
ዝናብ ከሆነ ሸራ አልብሳት። ዝርግ አድርገህ ከወጠርከው ግን መሀሉ ረግቦ ኩሬ ይሠራል፣ ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ረጅም እንጨት አጋድምና ሸራውን እንደ ቤት ጣሪያ በላዩ ጣለው፣ ጫፍና ጫፉን ክፍት ተው፣ አየር ካላገኘ የጀልባዋ እንጨት ይበሰብሳል።

እንግዳ፦
ለመቅጃ ቢጫ ጀሪካን ታቹን በሰያፍ ቁረጥ። እጀታው ይመቻል፣ ጥግም ይገባል። የቀረውን በስፖንጅ። የእጅ ፓምፕ ካገኘህ የቱቦውን ጫፍ ወንፊት አልብሰው፣ አለዚያ ቅጠል ይዘጋዋል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ዛሬ ማታ አድርቄያት ነገ በጠዋት አያታለሁ።